ሁለቱ 1928ዎች

ነገሩ የጀመረው የታሪክ ፈተና ሳርም ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ጽፏል፦ «ኢትዮጵያና ጣሊያን በ1928 የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ጣሊያን በ1928 ወረረችን።» ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ልሰርዝ ስል እጄ ቆመ። ልጁ አልተሳሳተም። የመጀመሪያው 1928 የፈረንጆቹ ነው፤ ሁለተኛው የራሳችን። በመካከላቸው ያለው ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ነው። እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. ብሎ ባለመለየቱ ግማሽ ነጥብ ቀነስኩበት። አሁን ሳስበው መጨመር ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያ ውል የተፈረመበትን ወር በትርፍ ጊዜዬ ስቆፍረው ቆየሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1928 ነው። ወሩ ይገርማል። ትልቅ የተባለው ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ተፈርሞ በወረቀት ላይ ቀረ፤ ማንም ያላየው ነገር ደግሞ ዛሬ በየጤና ጣቢያው አለ። ወሩን ቀን በቀን ከመተረክ ይልቅ አንዳንዱ ጋ ቆም፣ አንዳንዱን አለፍ እያልኩ ላሳያችሁ።

አስቀድመን አቆጣጠሩን እናስተካክል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ በኋላ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ የፈረንጆቹ ኦገስት 1928 በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ቀን 1920 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ፈረንጅ ስለ ሃያዎቹ መጨረሻ ሲያወራ ጃዝና የአክሲዮን ገበያ ይታየዋል። የእኛ አዛውንት «ሃያ ስምንት» ሲሉ ግን የሚያስቡት ማይጨውን ነው። በዚህ ቁጥር የተነሣ ስንት ሰው ተደናግሯል መሰላችሁ!

በአዲስ አበባ ወሩ የገባው በክረምቱ እምብርት ነበር። ከሐምሌ 30 ማግስት ፍልሰታ ተያዘ፤ በነሐሴ 13 ቡሄ ሆነ። አልጋው የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው። በዚያው በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ሠራዊታቸውን አስከትለው ከሲዳሞ መጥተው፣ ጦራቸው ተበትኖባቸው ያለ ደም ተይዘዋል። ራስ ተፈሪ በጠላቶቻቸው መካከል እየተራመዱ ወደ ንጉሥነት የሚጠጉበት ጊዜ ነው። በመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. «ንጉሥ» ተብለው ዘውድ ይጭናሉ፤ እዚያ ለመድረስ የቀራቸው ሁለት ወር ብቻ ነው።

ውሉ የተፈረመው ሐሙስ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን። በኢትዮጵያ በኩል ራስ ተፈሪ፣ በጣሊያን በኩል በአዲስ አበባ የነበረው ሚኒስትር ጁሊያኖ ኮራ ፈረሙ። ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሁለቱ መንግሥታት ለሃያ ዓመት ወዳጅ ይሆናሉ፤ አንዱ የሌላውን ነጻነት የሚጎዳ ነገር አያደርግም። በ5ኛው አንቀጽ ደግሞ በተለመደው የዲፕሎማሲ መንገድ ያልተፈታ ጠብ ሲነሣ፣ ጦር ሳይመዘዝ በሽምግልና ወይም በግልግል ዳኝነት ይታያል ይላል። ከዚህ ጋር የተያያዘ የመንገድ ስምምነት ነበር። ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነጻ የወደብ ቀጠና ታገኛለች፤ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል።

ራስ ተፈሪ ይህን ለምን ፈለጉ? የባቡሩን ካርታ ማየት ይበቃል። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገባውም የሚወጣውም ዕቃ በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ የፈረንሳይ ወደብ ያልፋል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ባለቤቱ በር ጠባቂው ነው። ሁለተኛ በር ለመክፈት የተመኘ መሪ አሰብን ቢያይ አይፈረድበትም። አውሮፓ በሄዱበት በ1916 ዓ.ም. ከየመንግሥታቱ ጋር የተነጋገሩትም ይህንኑ የባሕር በር ጉዳይ ነበር። የጣሊያንን ነገር ደግሞ ሳያውቁት አልቀሩም። ገና በዲሴምበር 1925 እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋውጠው፣ ለአንዱ የጣና ግድብ፣ ለሌላው ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያያይዝ ባቡር ሲከፋፈሉ፣ ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው አሳፍረዋቸዋል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ መፈረማቸው ከየዋህነት የመጣ አይመስለኝም። ጎረቤትህ ክፉ ከሆነ፣ ክፋቱን የምትከስበት ወረቀት በእጅህ ይኑር የሚል ስሌት ይመስላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ውጫሌን ያነሣሉ። ውጫሌ ላይ የተጣላነው በ17ኛው አንቀጽ ነበር፤ የአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የጣሊያንኛው «ይገባቸዋል» ብሎ ተገኘ። የ1920ው ውል እንዲህ ያለ ወጥመድ የለበትም። 5ኛው አንቀጽ በየትኛውም ቋንቋ ቢያነቡት ያው ነው። ችግሩ የቃል አልነበረም። ይህን ልዩነት ልብ ያላለ ሰው ሁለቱን ውሎች አንድ አድርጎ «ጣሊያን ሁልጊዜ በትርጉም ያታልላል» ይላል። ትርጉም የጠፋው አንድ ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው የጠፋው ሐሳቡ ራሱ ነው።

መንገዱስ? በኢትዮጵያ በኩል ያለው አልተሠራም። ከአሰብ ተነሥቶ ደሴ የሚገባ ጥሩ መንገድ ዕቃ ብቻ እንደማያመላልስ አዲስ አበባ ውስጥ ለገመቱት ሰዎች ቀን ፈረደላቸው። መንገዱን በኋላ ጣሊያን ራሱ በወረራው ዘመን ሠራው።

በዚያው ሐሙስ፣ አዲስ አበባ ዝናብ ላይ ሆና ውል ስትፈራረም፣ አምስተርዳም ኦሎምፒክ ላይ ነበረች። ኢትዮጵያ አልነበረችም፤ እኛ ኦሎምፒክን የተቀላቀልነው በሜልቦርን በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። አምስተርዳም በብዙ ነገር መጀመሪያ ናት። የኦሎምፒክ እሳት በስታዲየም ማማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የነደደው እዚያ ነው። እሳቱን የለኮሰው ሯጭም ሹምም አልነበረም፤ ከከተማው የመብራት መሥሪያ ቤት የመጣ ሠራተኛ ነው። ሴቶች በአትሌቲክስ የተወዳደሩትም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ነበር።

በኦገስት 2 የተሮጠው የሴቶች 800 ሜትር ፍጻሜ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ተሰለፉ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች፤ የጃፓኗ ኪኑዬ ሂቶሚ ሁለተኛ ወጣች። ዘጠኙም ጨረሱ። እንደ ማንኛውም የ800 ሜትር ሯጭ ደክሟቸው ነበር፤ አንዳንዷም ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጋዜጦቹ ግን በማግስቱ ሌላ ታሪክ ይዘው ወጡ። ሴቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ እየወደቁ፣ እየተዝለፈለፉ፣ እያለቀሱ ቀሩ አሉ። አንዱ ጸሐፊ እንዲያውም ያልነበሩ ሯጮች ጨምሮ አሥራ አንድ አደረጋቸው። በዚህ ወሬ ምክንያት ሴቶች ከ200 ሜትር በላይ በኦሎምፒክ እንዳይሮጡ ተደረገ። 800 ሜትር የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው። አዎ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠባት ሮም። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ ከኋላዋ የገባችውን ደቡብ አፍሪካዊት ይዛ ስትዞር፣ ሴት ረጅም ርቀት መሮጥ አትችልም የተባለው በጋዜጣ ወሬ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ብዙ አልነበረም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ሐምሌ 29፣ ማራቶኑ ተሮጠ። እዚህ ጋ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣ፤ ይህን ሰው አለማወቃችን ይቆጨኛል።

ስሙ ቡጌራ ኤል ዋፊ ነው። አልጄሪያ ውስጥ ከቢስክራ አጠገብ ባለችው በኡልድ ጀላል በ1898 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በዚያን ዘመን አልጄሪያ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለነበረች በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ፤ ሩጫው የታወቀለትም እዚያው ነው። በ1924 በፓሪሱ ኦሎምፒክ ማራቶን ሰባተኛ ወጣ። ከዚያ ፓሪስ ዳርቻ ባለው የሬኖ መኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ። ቀን ፋብሪካ ይውላል፤ ሲወጣ ይሮጣል። አምስተርዳም ሲመጣ ማንም አሸናፊ ይሆናል ብሎ የጠበቀው አልነበረም፤ ግምቱ በፊንላንዶቹ፣ በአሜሪካኖቹና በጃፓኖቹ ላይ ነበር። ኤል ዋፊ ሩጫው ሲጋጋል ኋላ ሆኖ ተከተለ። ፊት የነበሩት በነፋሱና በርቀቱ ሲሰበሩ አንድ በአንድ እያለፈ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ጃፓናዊውን ያማዳን አልፎ ስታዲየሙ ውስጥ ብቻውን ገባ። 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። ሁለተኛው ቺሊያዊው ማኑኤል ፕላዛ ከኋላው የገባው በ26 ሰከንድ ብቻ ነው።

በአፍሪካ ምድር ተወልዶ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። የተሰቀለለት ባንዲራ ግን የፈረንሳይ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በበርሊን ማራቶኑን ያሸነፈው ኮሪያዊም የጃፓንን ባንዲራ ለብሶ ነው የሮጠው። አበበን ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አጠገብ ሳቆመው፣ በሮም በአረንጓዴ ማልያ መግባቱ ምን ማለት እንደነበር ይበልጥ ይገባኛል።

የኤል ዋፊ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ከድሉ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በገንዘብ ተወዳደረ፤ ያን ጊዜ ኦሎምፒክ ለአማተር ብቻ ስለነበር «ገንዘብ ተቀብለሃል» ተብሎ ታገደ። ፓሪስ ተመልሶ ካፌ ከፈተ፤ ንግዱም ሳይሆንለት ቀረ። ድህነት ላይ ወደቀ። በ1956 ሌላ አልጄሪያ ተወላጅ፣ አለን ሚሙን፣ በሜልቦርን ለፈረንሳይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ነው ጋዜጠኞች ኤል ዋፊን ያስታወሱት። በዚያ በሜልቦርን ማራቶን ሁለት ኢትዮጵያውያንም ሮጠዋል፤ የእኛ የማራቶን ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው። ኤል ዋፊ በ1959 በፓሪስ ዳርቻ በሴን ዴኒ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አልጄሪያ ነጻ ስትወጣ ለማየት ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር።

የወሩን ልደት ባልነካ ቅር የሚለው አንባቢ አይጠፋም። በማራቶኑ ማግስት ሰኞ፣ ኦገስት 6፣ አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ከካርፓትያ ተራሮች ከመጡ ድሃ ስደተኞች አንድ ልጅ ተወለደ፦ አንድሩ ዋርሆላ። ዓለም የሚያውቀው አንዲ ዋርሆል ብሎ ነው። የሾርባ ጣሳ ሥሎ ሠላሳ ሁለቱን ጎን ለጎን የሰቀለው ሠዓሊ። ብዙ ሰው «ይህ ምኑ ሥዕል ነው» ይላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ የተገለጠልኝ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ነው። ልጅ እያለ በሕመም አልጋ ላይ ሲውል የሚያጫውተው ሥዕልና የፊልም ተዋንያን ፎቶ ነበር። እሑድ እሑድ እናቱ የምትወስደው ደግሞ በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም የተሰየመ የምሥራቅ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በመቅደሱ ፊት ቅዱሳን በረድፍ፣ በወርቅ መደብ ላይ፣ ፊት ለፊት እያዩ ተሥለው ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ቆሞ የግድግዳውን ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። አንድ ፊት በረድፍ ሲደጋገም የሚያመጣውን ስሜት ዋርሆል ከፋብሪካ የተማረው ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ነሐሴ 1 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ ጄምስ ራንዲ ተወለደ። ሙያው የመድረክ አስማት፣ ከእጅ ሰንሰለትና ከሣጥን ማምለጥ ነበር። ሲሸመግል ግን ሥራው ሌላ ሆነ፤ አታላይን ማጋለጥ። «እኔ አታልላለሁ፤ ግን እያታለልኩ መሆኔን እነግራችኋለሁ» የሚል ዓይነት ሰው። ከሁሉ የሚታወሰው በ1986 እ.ኤ.አ. ያደረገው ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታወቀ አንድ ፈዋሽ ሰባኪ፣ በሺህ ሕዝብ መካከል የማያውቀውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ የቤት አድራሻውን ይናገራል፤ የሚያመውን ይነግረዋል። ራንዲና ጓደኞቹ የሬዲዮ መቃኛ ይዘው አዳራሹ ውስጥ ገቡ። በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የሴት ድምፅ ተሰማ። የሰባኪው ሚስት ናት። ሕዝቡ ከጉባኤው በፊት የሞላውን የጸሎት ካርድ ውጭ ሆና እያነበበች በባሏ ጆሮ ውስጥ ባለ ትንሽ ማዳመጫ ትነግረዋለች። ራንዲ ቅጂውን በቴሌቪዥን አሰማው። ሰባኪው በዓመቱ ከሠረ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ሣቅ ብትሰሙ! ሁሉም የየራሱን ሰፈር ያስባል።

በዚያ ወር በኢትዮጵያ የተወለዱትስ? የክርስትና ቀናቸውን ቄሱ ያውቅ ይሆናል እንጂ መዝገብ የለም። «ባልቻ በገባ ዓመት ነው የተወለድኩት» ወይም «ተፈሪ ሊነግሡ ሲሉ» የሚሉ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል። ይህ ራሱ የቀን አቆጣጠር ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ አንዳንዴ ያስተማምናል።

ነሐሴ 21፣ ሰኞ፤ ፍልሰታ ተፈትቷል። ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሰዓቱ አዳራሽ በሚባለው ክፍል፣ የአሥራ አምስት አገሮች ተወካዮች ተቀምጠዋል። አሳቢዎቹ የአሜሪካው ፍራንክ ኬሎግና የፈረንሳዩ አሪስቲድ ብሪያን ናቸው። የመፈረሚያው እስክሪብቶ ወርቅ ነው፤ የለ ሀቭር ከተማ ለኬሎግ በስጦታ ያበረከተችው። መጀመሪያ የፈረመው የጀርመኑ ጉስታቭ ሽትሬዘማን ነው። በጠና ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹ ቢከለክሉትም መጣ። በዓመቱ ሞተ።

ውሉ አጭር ነው። የፈረሙት አገሮች ጦርነትን የፖለቲካቸው መሣሪያ አድርገው ላይጠቀሙበት ይምላሉ፤ ጠባቸውን በሰላም ብቻ ይፈታሉ። ይኸው ነው። ያፈረሰውን ማን ይቀጣዋል? አይልም። ከአሥራ አምስቱ ፈራሚዎች አንዷ ጃፓን ናት፤ በሦስት ዓመቷ ማንቹሪያን ወረረች። አንዷ ጣሊያን ናት። ሙሶሊኒ ራሱ አልሄደም፣ አምባሳደሩን አስፈረመ። የአሜሪካ ሴኔት በጃንዋሪ 1929 ውሉን 85 ለ1 ሲያጸድቅ፣ ተከትሎ የወሰደው አጀንዳ የአሥራ አምስት የጦር መርከቦች ግንባታ ነበር። ኬሎግ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ለፍትሕ ስንል አንድ ነገር እንጨምር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ የናዚ መሪዎች «በሰላም ላይ ወንጀል ሠርታችኋል» ተብለው ሲከሰሱ፣ ዐቃቤ ሕጎቹ ከመዘዟቸው ሰነዶች አንዱ ይህ ነው። ጥርስ ባይኖረውም ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ለምስክርነት ቀረበ።

ኢትዮጵያም በኋላ ገብታበታለች። ውሉ በጁላይ 1929 ሲጸና ከተቀላቀሉት አገሮች መካከል ስሟ አለ። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጣሊያንና ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ላለመዋጋት ተፈራርመዋል፤ አንዴ በአዲስ አበባ፣ አንዴ በፓሪሱ ውል። የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ሲታከልበት ሦስት ነው።

ያ አምስተኛ አንቀጽ የተፈተነው በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ኦጋዴን ውስጥ፣ ወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ፣ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተታኮሱ። በአራተኛው ቀን ኢትዮጵያ ያንን ወረቀት አወጣች፦ በ1920ው ውል 5ኛ አንቀጽ መሠረት በግልግል ዳኝነት ይታይልን። ጣሊያን መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ይቅርታ ጠይቁኝ፣ ካሣ ክፈሉኝ፣ ባንዲራዬን ሰላም በሉ። ነገሩ ጄኔቭ ደረሰ፣ ተጎተተ፣ በመጨረሻ ገላጋዮች ተመረጡ። በነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ውሳኔያቸውን ሰጡ፤ ለወልወሉ ግጭት ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም። ውሉ ሠራ ማለት ነው! በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ያ ውል የሚያበቃው በ1940 ዓ.ም. ነበር።

ኦገስት ሊወጣ ሲል፣ በ31ኛው ቀን ምሽት፣ በርሊን ውስጥ በበርቶልት ብሬኽትና በኩርት ቫይል «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» መድረክ ላይ ወጣ። ዝግጅቱ ሁሉ ምስቅልቅል ነበር። በጣም የታወቀው የመክፈቻ መዝሙር የተጨመረው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፤ ከተዋንያኑ አንዷ የነበረችው የሎተ ሌንያ ስም ከፕሮግራሙ ላይ ተዘንግቶ ባሏ ቫይል በንዴት ጦፈ። ሁሉም ይወድቃል ብሎ የጠበቀው ተውኔት የዘመኑ ትልቅ ስኬት ሆነ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገዱት።

አሁን ወደ ዝምተኛው ነገር። በዚያ ወር ለንደን፣ ፓዲንግተን ሰፈር ባለው ቅድስት ማርያም ሆስፒታል፣ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ የብርጭቆ ሳሕኖች ተደራርበው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ውስጣቸው ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ ተዘርቷል። ባለቤታቸው ዶክተር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለዕረፍት ወደ ገጠር ሄዷል። ንጹሕ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ሳይሄድ ያጥባቸው ነበር፤ ፍሌሚንግ ግን ዕቃ ማንሣት የማይወድ ሰው ነበር፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ከሳሕኖቹ በአንዷ ላይ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች የሻጋታ ዘር አረፈች፤ ምናልባት ከታችኛው ፎቅ፣ ሻጋታ ከሚያጠናው ባልደረባ ክፍል። በኦገስት መግቢያ ላይ ለንደን ለቀናት ቀዝቀዝ ብላ ነበር። ብርድ ለሻጋታው ይስማማል፣ ባክቴሪያውን ያዘገያል፤ ስለዚህ ሻጋታው ቀድሞ አደገ። በኋላ ሲሞቅ ባክቴሪያው ተነሣ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምንም አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም ከሻጋታው የሚወጣው መድኃኒት የሚገድለው በማደግ ላይ ያለን ባክቴሪያ ነው።

ፍሌሚንግ የተመለሰው ጳጉሜን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ነሐሴ 28 ቀን 1920 ዓ.ም.። የወልወል ገላጋዮች ከሰባት ዓመት በኋላ ውሳኔያቸውን የሰጡበት ቀን መሆኑ እንዲሁ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ቀኑን ሳሰላ ያየሁትን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሊታጠቡ የተደረደሩትን ሳሕኖች ለአንድ የቀድሞ ረዳቱ እያነሣ ሲያሳይ አንዷ ላይ ዐይኑ አረፈ። የዳቦ ሻጋታ የመሰለ ጉብታ አለ፤ በዙሪያው ያሉት የባክቴሪያ ክምችቶች ሟሙተው ጥርት ያለ ቀለበት ሠርተዋል። ለባልደረቦቹ እየዞረ አሳያቸው፤ ብዙም አልደነቃቸውም። በ1929 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አወጣ፣ ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፣ ፈሳሹን አጥርቶ መድኃኒት ማድረግ ግን አቃተው። ያን ያደረጉት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው የኦክስፎርድ ሰዎች ናቸው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሞከሩበት ፖሊስ ከሞት አፋፍ ሲመለስ መድኃኒቱ አለቀ፣ ሰውዬውም ሞተ።

ወደ ሁለተኛው 1928 እንመለስ። በታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖችን ደበደቡ። በሦስት ወሩ ማይጨው ሆነ። በቦምብና በጥይት የቆሰለው ሰው ከቁስሉ ቢተርፍ እንኳ ከቁስሉ መመረዝ የሚያድነው የፔኒሲሊን መርፌ በዓለም ላይ አልነበረም። ሻጋታው ግን በሕይወት ነበር። ፍሌሚንግ በፓዲንግተን ላቦራቶሪው ውስጥ ከሳሕን ወደ ሳሕን እያዛወረ ያቆየዋል፤ የሚጠቀምበትም አንዱን ባክቴሪያ ከሌላው ለመለየት ነበር።